ላዳዎን ያስቸገረው ኢታኖሉ ነው ወይስ ውሃው?

ጥያቄ፦ «የራይድ ሹፌር ነኝ፤ የ2004 ሞዴል ቪትዝ ነው የምነዳው። ቤንዚን እንደገና ከኢታኖል ጋር ሊቀላቀል ነው የሚል ወሬ ማደያ ሰልፍ ላይ እሰማለሁ። ድሮ፣ በ2003 ዓ.ም. አካባቢ ሲቀላቀል ላዳ ታክሲ ነበረኝ። ቀን መንገድ ላይ እየጠፋ፣ ካርቡሬተሩ በቆሻሻ እየተደፈነ አንድ ክረምት ሙሉ አሰቃይቶኛል። መካኒኬ ‹ኢታኖል ሞተር ይበላል› ይላል። እውነት ነው? ዋጋውስ ይቀንስልናል? ደግሞስ ሰው ስኳር አጥቶ በሚሰለፍበት አገር ከአገዳ ነዳጅ መሥራት ምን የሚሉት ነገር ነው?»

ከመጨረሻው ጥያቄ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። በኢትዮጵያ ለነዳጅ የሚሆነው ኢታኖል፣ አልኮሉ ማለት ነው፣ ከስኳሩ ላይ አይቀነስም። የሚሠራው ከሞላሰስ ነው። አገዳው ይጨመቃል፣ ጭማቂው ይፈላል፣ ስኳሩ ተለይቶ ይወጣል። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ጥቁርና ወፍራም ዝቃጭ ሞላሰስ ይባላል። ከእሱ ተጨማሪ ስኳር ላውጣ ቢሉ አያዋጣም። እርሾ ግን የሚበላው ስኳር ገና አለው። እርሾ ይገባበታል፣ ይብላላል፣ እንደ አረቄ ይወጣል።

በቁጥር እንየው። አንድ ቶን አገዳ 100 ኪሎ ገደማ ስኳር ይሰጣል። ከ35 እስከ 40 ኪሎ ሞላሰስም ይተርፋል። ያ ሞላሰስ 10 ሊትር ገደማ ኢታኖል ይወጣዋል። ጭማቂውን በቀጥታ ወደ ኢታኖል ቢለውጡት ደግሞ ከዚያው ቶን ከ70 እስከ 80 ሊትር ያገኛሉ፤ ያኔ ስኳር የሚባል የለም። ብራዚል እንደ ገበያው አንዱን ወይም ሌላውን መምረጥ ትችላለች፤ አገዳው ሞልቷታል። ስኳር ከውጭ ለምታስገባ አገር ሁለተኛው መንገድ ዝግ ነው። አንድ ቀን አንድ ባለሥልጣን ተነስቶ ከጭማቂው ኢታኖል እንሥራ ካለ፣ ያኔ ተቃውሞዎ ልክ ነው፤ እኔም ከጎንዎ ነኝ። እስከዚያው ግን የስኳሩ ሰልፍና ኢታኖሉ አይገናኙም። ሞላሰሱን የሚሻሙት ሌሎች ናቸው፤ ከብት አድላቢዎችና የመጠጥ አልኮል ፋብሪካዎች።

አሁን ወደ ላዳዎ። ታሪኩን ባጭሩ ላስታውስ። መንግሥት የባዮፊውል፣ ማለትም ከዕፅዋት የሚሠራ ነዳጅ፣ ስትራቴጂ ያወጣው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። በ2001 ዓ.ም. በሱሉልታ ዴፖ 5 በመቶ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር እየተቀላቀለ በአዲስ አበባ መሸጥ ተጀመረ። ኢታኖሉ የሚመጣው ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ነበር። በ2003 ዓ.ም. ድርሻው ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ፤ መተሐራም በራሱ ማምረቻ ተጨመረ። እርስዎ የሚሉት ክረምት እዚህ ላይ ይውላል ማለት ነው። ከዚያ አቅርቦቱ እየተቆራረጠ ሄዶ ቅልቅሉ ቆመ።

መካኒክዎ ‹ይበላል› ያሉት ነገር ሥር አለው። ግን ሁለት ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች አንድ ላይ ተጨፍልቀዋል።

አንደኛው ጉዳይ ውሃ ነው። ትልቁም እሱ ነው። ቤንዚንና ውሃ አይዋደዱም። ማደያ መሬት ስር በተቀበረው ጋን ውስጥ ውሃ ከገባ ወደ ታች ይዘቅጣል። ቤንዚኑ ከላይ ይንሳፈፋል። የፖምፓው መሳቢያ ከወለሉ ከፍ ብሎ ስለተተከለ ውሃውን አይነካውም። ስለዚህ ንጹህ ቤንዚን የሚሸጥ ማደያ ለዓመታት ውሃ ላይ ተቀምጦ ሊሠራ ይችላል፤ ደንበኛውም አያውቅ። አንድ ጊዜ የአንድ ማደያ ጋን ስንለካ ዘንጉ ጫፍ ላይ የቀባነው የውሃ ማሳያ ቅባት እስከ አራት ጣት ድረስ ቀለሙን ቀየረ። ሥራ አስኪያጁ አልደነገጡም። «ይሄማ ሁሌም ያለ ነው» አሉን። ለንጹህ ቤንዚን ብዙም አልተሳሳቱም።

ኢታኖል ሲመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ኢታኖል ውሃ ይወዳል፤ ይስበዋልም። 10 በመቶ ኢታኖል ያለው ቤንዚን በአንድ ሊትር 5 ሚሊ ሊትር ገደማ ውሃ መሸከም ይችላል። እስከዚያ ድረስ ችግር የለም፤ ውሃው ተሟሙቶ ከነዳጁ ጋር ይቃጠላል። ከዚያ ካለፈ ግን ኢታኖሉ ቤንዚኑን ትቶ ከውሃው ጋር ወደ ታች ይወርዳል። 10,000 ሊትር በያዘ የማደያ ጋን ውስጥ ይህ ወሰን 50 ሊትር ገደማ ነው፤ ሁለት ጀሪካን ተኩል። አራት ጣት ውሃ ያለበት ጋን ውስጥ ቅልቅሉን ሲያራግፉበት ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትዎትም። ከታች የውሃና የአልኮል ንብርብር ይፈጠራል። ከፍታውም ከቀድሞው ውሃ ይበልጣል፤ መሳቢያው ጋ ይደርሳል። ያ ነው መኪናዎ ውስጥ የሚገባው።

ሁለተኛው ጉዳይ ዝገትና ቆሻሻ ነው። ኢታኖል ጥሩ ማሟሚያ ነው። አሮጌ የመኪና ታንከር፣ መካኒኮች ሰልባትዮ የሚሉት፣ ውስጡ ለሃያ ዓመት የተጋገረ ሙጫና ዝገት አለበት። ኢታኖሉ ያንን ይለቅቀዋል። የተለቀቀው ነገር ወደ ፊልትሮው፣ ከዚያም ወደ ካርቡሬተሩ ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይሄዳል። የእርስዎ ካርቡሬተር የተደፈነው በዚህ መሆኑን እጠረጥራለሁ። በዚያ ላይ ክረምት ነበር፤ ውሃ ወደ ማደያ ጋን የሚሰርግበት ወቅት።

ሦስተኛው፣ ‹ቀን መንገድ ላይ እየጠፋ› ያሉት ነው። ትንሽ ኢታኖል ቤንዚን ላይ ሲጨመር ተናኝነቱ ይጨምራል። እንግዳ ነገር ይመስላል፤ ኢታኖል ብቻውን ከቤንዚን ያነሰ ነው የሚተነው፤ ሲቀላቀሉ ግን ይብሳል። አዲስ አበባ ደግሞ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። የአየር ግፊቷ ከባሕር ጠለል በሩብ ገደማ ያንሳል፤ ነዳጅም ቶሎ ይተናል። የላዳ የነዳጅ ፖምፓ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ የተቀመጠ ሜካኒካል ፖምፓ ነው። ትራፊክ ውስጥ ቆመው ሞተሩ ሲግል ነዳጁ ቱቦ ውስጥ ይተናል፤ ፖምፓው በነዳጅ ፈንታ እንፋሎት ይስባል። መኪናው ይጠፋል። ቦኔቱን ከፍተው ግማሽ ሰዓት ሲቆዩ ይነሳል። ጨርቅ አርጥበው ፖምፓው ላይ ያደረጉበት ቀን ካለ ይህንኑ ነበር የሚያክሙት።

እንግዲህ ቪትዝዎ ላይ ከእነዚህ ሦስቱ የትኛው ይደርሳል? ሦስተኛው አይደርስም። ፖምፓው ታንከሩ ውስጥ ነው፤ ነዳጁን በ3 ባር ገደማ ግፊት ነው የሚገፋው። በዚያ ግፊት ቱቦ ውስጥ አይተንም። የኢታኖሉን ኦክስጅን ለማካካስም የጭስ ማውጫው ላይ ያለው ሴንሰር ለኮምፒውተሩ ይናገራል፣ ኮምፒውተሩ ትንሽ ነዳጅ ይጨምራል። ላዳው ይህን የሚያደርግለት አልነበረውም። ሁለተኛው፣ ቆሻሻው፣ አንዴ ሊደርስብዎት ይችላል። አንደኛው፣ ውሃው፣ በማደያው እጅ ነው።

ጎማውንና ብረቱን ይበላል ለሚለው ደግሞ እውነቱ በመጠኑ ላይ ነው። ጃፓን በ2003 እ.ኤ.አ. ሕግ ስታወጣ የኢታኖልን ጣሪያ 3 በመቶ ላይ ነው ያቆመችው። ከዚያ በፊት አልኮል የበዛባቸው ነዳጆች ገበያ ገብተው የአልሙኒየም ክፍሎችን ስላበላሹ ነው። 10 በመቶን የፈቀደችው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያውም ለዚያ ለተዘጋጁ መኪኖች። ከጃፓን ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ይህን ሲሰማ መደንገጡ አይቀርም። ግን ቪትዝ አውሮፓ ውስጥ ያሪስ ተብሎ የተሸጠው መኪና ነው። ቶዮታ ለአውሮፓ ገበያ ያወጣቸው ከ1998 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያሉ የቤንዚን መኪኖች፣ ከጥቂት የአቬንሲስ ሞተሮች በቀር፣ 10 በመቶን እንደሚችሉ አሳውቋል። በቀር የተባሉት ነዳጁን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩ ሞተሮች ናቸው። ኮፈኑ ላይ ዲ-4 የሚል ምልክት ያለበት አሮጌ መኪና ያለው ጓደኛ ካለዎት እሱ ይጠንቀቅ። እርስዎ በ10 በመቶ እንቅልፍ አይጡ። 20 በመቶ ቢባል ግን ይኸው ቪትዝ ላይ አልስማማም።

በነገራችን ላይ አንድ የተለመደ ስህተት ላርም። «ፋብሪካ ድረስ ለምን፣ ከጠጅ ቤት አረቄ ገዝቼ ብጨምርበትስ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አለ። ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ የምሩን ነው። ዳግም አረቄ ግማሹ ውሃ ነው። አረቄ አውጪ እንደምታውቀው ደጋግሞ ማውጣት አልኮሉን ያጠነክረዋል። ግን መጨረሻ አለው። ሺህ ጊዜ ቢደጋገም ከ96 በመቶ ገደማ አያልፍም። የቀረችዋ ውሃ ከአልኮሉ ጋር አብራ እየተነነች ትመጣለች። ለነዳጅ የሚፈለገው ከ99 በመቶ በላይ የጠራ ነው። ያችን የመጨረሻ ውሃ ለማስቀረት ፋብሪካዎች ውሃን ብቻ መርጦ በሚይዝ የማዕድን ጠጠር ውስጥ እንፋሎቱን ያሳልፋሉ። የነዳጅ ኢታኖል ደግሞ እንዳይጠጣ ሆን ተብሎ ይበረዛል። ወደ መኪናም ወደ አፍም በራስዎ እጅ የሚቀላቀል አልኮል የለም።

ወደ ዋጋው ስንመጣ፣ እዚህ ላይ ሹፌሩ ነው ዓይኑን መክፈት ያለበት። አንድ ሊትር ቤንዚን 32 ሜጋ ጁል ገደማ ጉልበት አለው። አንድ ሊትር ኢታኖል 21 ብቻ፤ ሁለት ሦስተኛ ማለት ነው። 10 በመቶ ሲቀላቀል የሊትሩ ጉልበት በ3.5 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ለስሌት እንዲመች ቤንዚን ሊትሩ 100 ብር ነው እንበል። ቅልቅሉ በ96 ብር ተኩል ቢሸጥ እኩል ነዎት፤ ከዚያ በታች ከሆነ አተረፉ። በዚያው በ100 ብር ከተሸጠልዎት ግን ታፔላው ላይ ያልተጻፈ ጭማሪ ከፍለዋል። በቀን 15 ሊትር የሚያቃጥል ሹፌር ግማሽ ሊትር ይጎድልበታል። ብዙ አይመስልም፤ ወር ሲሞላ ግን የአንድ ቀን ሙሉ ነዳጅ ነው።

«ኢታኖል ኦክቴን ይጨምራል፣ ስለዚህ መኪናው ይበረታል» የሚል ክርክር ይመጣብዎታል። ኦክቴን ማለት ነዳጁ ያለጊዜው ተቀጣጥሎ ሞተሩን እንዳያንኳኳ የሚቋቋምበት ልክ ነው። የክርክሩ የመጀመሪያ ግማሽ ልክ ነው። የኢታኖል ኦክቴን 108 ገደማ ነው፤ 10 በመቶው ቅልቅሉን በሁለት ሦስት ነጥብ ከፍ ያደርገዋል። አዲስ አበባ ላይ ግን አየሩ ስስ ስለሆነ ተራ ሞተር በቀላሉ አይንኳኳም። ቪትዝዎ ያልጠየቀውን ኦክቴን ቢሰጡት ምንም አይመልስልዎትም። ጥቅሙን የሚያየው ቆላ የሚሠራ ወይም ቱርቦ ያለው መኪና ነው።

ታዲያ መንግሥት ለምን ይፈልገዋል? በዶላር የሚገባውን ነገር በብር በተሠራ ነገር ለመተካት ነው። ይህ ጥሩ ምክንያት ነው፤ ማንም አያጣጥለውም። ግን ልኩን እንወቅ። 10 በመቶ ኢታኖል በጉልበት ሲሰላ የሚተካው 7 በመቶ ገደማ ቤንዚን ነው። ወደ ኢትዮጵያ በብዛት የሚገባው ደግሞ ናፍጣ ነው፤ የጭነት መኪናው፣ አውቶቡሱ፣ ትራክተሩ። ኢታኖል ናፍጣውን አይነካውም። ስለዚህ ‹ከነዳጅ ጥገኝነት እንላቀቃለን› የሚል ንግግር ሲሰሙ በልብዎ ከትንሹ ክፍል 7 በመቶ ብለው ያስሉት።

የፊንጫ ማምረቻ አቅም በዓመት 20 ሚሊዮን ሊትር፣ የመተሐራው 12.5 ሚሊዮን ሊትር ተብሎ ነው የተተከለው። ሁለቱም በሙሉ አቅማቸው ቢሠሩ 32.5 ሚሊዮን ነው። ይህ በ10 በመቶ ለ325 ሚሊዮን ሊትር ቅልቅል ይበቃል። የሀገሪቱ የቤንዚን ፍጆታ ዛሬ ከዚያ አልፏል። ሙሉ አቅም የሚባለውም ወረቀት ላይ ነው። ክረምት ሲገባ የስኳር ፋብሪካዎች ለጥገና ይቆማሉ፤ ሞላሰስም አብሮ ይቆማል። ለመጠጥ የሚሆነው አልኮል ዋጋው ከተሻለ ምርቱ ወደዚያ ያዘነብላል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ ደግሞ አልኮል ለእጅ ማጽጃ በየቦታው ተፈለገ። ለቅልቅል የሚመደበው ሁልጊዜ ከሌላው የተረፈው ነው። ቅልቅሉ የሚቆራረጠውም ለዚህ ነው። መቆራረጡ ደግሞ ራሱ ጉዳት አለው። ማደያው አንድ ወር ቅልቅል፣ ሌላ ወር ንጹህ ቤንዚን ሲቀበል የጋኑን ውሃ የመቆጣጠር ልማድ አያዳብርም። ወደ እርስዎ ካርቡሬተር ተመለስን ማለት ነው።

መቆራረጥ ምን እንደሚያስከትል ብራዚልን ያህል የተማረ የለም። በ1975 እ.ኤ.አ. በነዳጅ ቀውስ ጊዜ መኪናን በአገዳ አልኮል ለማስኬድ ፕሮአልኮል የሚባለውን ፕሮግራም ጀመሩ። በሰማንያዎቹ አጋማሽ ከሚሸጠው አዲስ መኪና አብዛኛው በኢታኖል ብቻ የሚሄድ ነበር። ከዚያ የነዳጅ ዋጋ ወረደ፣ የስኳር ዋጋ ወጣ። ፋብሪካዎቹ ፊታቸውን ወደ ስኳር አዞሩ። በ1989 እና 1990 እ.ኤ.አ. ማደያ ላይ ኢታኖል ጠፋ። መንግሥትን አምኖ መኪና የገዛው ሰው ቁልፉን ይዞ ቆመ። እምነቱ ለመመለስ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ። የተመለሰውም በ2003 እ.ኤ.አ. ሁለቱንም በማንኛውም መጠን የሚያቃጥል መኪና ገበያ ሲገባ ነው፤ ሹፌሩ ማደያ ላይ ቆሞ ራሱ ይመርጣል። ኢታኖል ከቤንዚን ዋጋ 70 በመቶ በታች ከሆነ ኢታኖል ይቀዳል፣ ከበለጠ ቤንዚን። የዚያ አገር ባለታክሲ ይህቺን ስሌት በቃሉ ያውቃታል። ዛሬ እዚያ ተራው ቤንዚን ራሱ 30 በመቶ ኢታኖል አለበት፤ መኪኖቹ ግን ለዚያ የተሠሩ ናቸው።

ህንድ ሌላ ትምህርት ትሰጣለች። ለ2030 እ.ኤ.አ. የያዘችውን የ20 በመቶ ግብ ወደ 2025 ሳበችው፤ ደረሰችበትም። ግን በ2023 መጨረሻ ዝናብ ሲያንስ የአገዳ ጭማቂ ለኢታኖል እንዳይውል ገደብ አደረገች። ፋብሪካዎቹ ወደ በቆሎ ዞሩ። በቆሎ ትሸጥ የነበረች አገር ገዢ ሆነች፤ ዶሮ አርቢዎች በመኖ ዋጋ ጮኹ። በ2025 ደግሞ የአሮጌ መኪና ባለቤቶች ምርጫ አጣን ብለው ተነሱ። አሜሪካ ከበቆሎዋ 40 በመቶ ገደማውን ለኢታኖል ታውላለች፤ እነሱ በቆሎው ይተርፋቸዋል። እኛ ጋ በቆሎ የሚበላ ነው። ማንም ከእህል ኢታኖል እንሥራ ቢል ጆሮ አይስጡት።

ለእኛ የምትቀርበው ግን ማላዊ ናት። ወደብ የላትም፣ ነዳጇ ሁሉ ከውጭ ይገባል፣ ስኳር ታመርታለች። ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምራ ከሞላሰስ የተሠራ ኢታኖል ትቀላቅላለች። ምስጢሩ ቀላል ነው። ኢታኖሉ ሲበዛ ድርሻውን ከፍ፣ ሲያንስ ዝቅ ታደርጋለች። ኬንያ በዚያው ዘመን ሙሆሮኒ ላይ ጀምራ አሥር ዓመት ሳይበልጥ ተወችው። ዚምባብዌም ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምራ ስትቀላቅል ቆይታ በ1992ቱ ድርቅ አገዳው ሲጠፋ አቆመች።

ስለ ባዮዲዝል፣ ከተክል ዘይት ስለሚሠራው ናፍጣ፣ ብዙ አልልም። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ጃትሮፋና ጉሎ የሚባሉት የዘይት ተክሎች በረሃ ላይ ነዳጅ ያፈልቃሉ ተብሎ ነበር። በሐረርጌ የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ አካባቢ ለጉሎ መሬት መሰጠቱ ትልቅ ክርክር አስነሳ። ወላይታ ላይ ገበሬዎች በውል ጉሎ ዘሩ፤ ምርቱም ገቢውም እንደተወራው አልሆነም፣ ተዉት። ድሃ መሬት ላይ የሚበቅል ተክል ድሃ ምርት ነው የሚሰጠው። ያ ምዕራፍ ተዘግቷል።

አንድ ሌላ አማራጭ ግን መነሳት አለበት። ኢታኖል ምድጃ ላይም ይነዳል። በጅግጅጋ አካባቢ ባሉ የሶማሌ ስደተኞች መጠለያዎች የኢታኖል ምድጃ ለዓመታት ሠርቷል። እንጨትና ከሰል የሚተካ አንድ ሊትር ከእርስዎ ቪትዝ ይልቅ ለአንዲት እናት ሳንባ የበለጠ ይጠቅማል ብለው የሚከራከሩ አሉ። እኔ ሁለቱም ይቻላል ባይ ነኝ፤ ሲያንስ ግን ለምድጃው ይቅደም።

እንግዲህ አቋሜ ይህ ነው። ቅልቅሉ ይመለስ፤ ከሞላሰስ ብቻ ይሁን፤ ጣሪያው 10 በመቶ ይሁን። ደንቡ ‹10 በመቶ› ሳይል ‹እስከ 10 በመቶ› ይበል፤ ፋብሪካው ሲቆም ማደያው እንዳይቆም። ሽያጩ ኢታኖሉ በሚበቃው ልክ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ላይ ይወሰን። ከመጀመሩ በፊት የእያንዳንዱ ማደያ ጋን ውሃው ይውጣ፣ ይታጠብ፣ ከዚያ በኋላም በየቀኑ ይለካ። ይህ ካልተደረገ ባይጀመር ይሻላል። የሊትሩ ዋጋ በጉልበቱ ልክ ይቀንስ። ማደያው ላይ መጠኑ በግልጽ ይለጠፍ። አዲስ ትልልቅ የኢታኖል ፋብሪካ ለመትከል ግን አልመክርም። በነዳጅ የሚሄድ መኪና ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ታግዷል። ፋብሪካው ዕዳውን ከፍሎ ሳይጨርስ ደንበኛው ቻርጀር ላይ ሊሆን ይችላል። ያለውን በወጉ ማሠራት ይበቃል።

እርስዎ በበኩልዎ ቅልቅሉ ከተጀመረ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ሙሌቶች ተጠቅመው ፊልትሮውን ያስቀይሩ። ብዙዎቹ ቪትዞች ላይ ፊልትሮው ከፖምፓው ጋር ታንከሩ ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር ስር ነው ያለው። መካኒክዎ ለመክፈት ከለገመ አይልቀቁት። ክረምት ላይ ታንከሩን ባዶ ሊሆን እስኪል አያድርሱት፤ ባዶው ቦታ እርጥብ አየር ነው የሚሞላው። ቤት ውስጥ ጄኔሬተር ካለዎት ቅልቅሉን ለወራት አይተዉበት፤ ሲያቆሙት ያራግፉት፣ ካርቡሬተሩንም አድርቀው ያጥፉት። ካርቡሬተር ያለው ሞተር ብስክሌትም እንዲሁ ነው።

የቀዱትን ከተጠራጠሩ ደግሞ ቀላል ፈተና አለ። ውጭ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቀው ያድርጉት። ጠባብና ምልክት ያለው ብርጭቆ ይያዙ። 10 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ በላዩ 90 ሚሊ ሊትር ነዳጅ ይጨምሩ። በደንብ ነቅንቀው አሥር ደቂቃ ያስቀምጡት። የታችኛው ውሃ እዚያው 10 ላይ ከቆመ ኢታኖል የለበትም። ወደ 19 ከተጠጋ 10 በመቶ ገደማ ነው። ከ25 በላይ ካለፈ ማደያው ከተፈቀደው በላይ ቀላቅሏል። ውሃ ሳይጨምሩበት ነዳጁ በራሱ ሁለት ንብርብር ከሠራ ግን ሞተሩን አያስነሱ። ጋራዥ አስጎትተው ታንከሩን ያስደፉ፤ ከዚያ ውስጥ አንድ ጠርሙስ ናሙና አስቀርተው ከደረሰኝዎ ጋር ያስቀምጡ።